ከቱታው በፊት ዕቅዱ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከጎንደር ከተማና ከዙሪያዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፤ ይኸውም አደገኛ ኬሚካልና ቆሻሻ በሚነሳበት ቦታ የሚሠሩ ሰዎች ጤና እንዴት ይጠበቅ የሚል ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ገና ስላልተጀመረ ሥራ የሚጠይቅ በመሆኑና በጊዜ ከተመከረበት ጉዳትን ማስቀረት ስለሚቻል፣ መልሱን ከሌሎቹ አስረዝመነዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ ኮንትራክተር ሥር የሥራ ኃላፊ ነኝ። ከአዘዞ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ለረጅም ዓመታት ተዘግቶ የኖረ የፀረ-ተባይ መጋዘን አለ። በውስጡ ያለውን በርሜልና ከረጢት አውጥተን፣ ለይተንና በአዲስ ዕቃ አሽገን ለሚያስወግደው አካል እንድናስረክብ ውል ወስደናል። አሠሪው መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ጤናና ደኅንነት ዕቅድ እንድናቀርብ ጠይቆናል። አንድ ወዳጄ ለሌላ ቦታ የተዘጋጀ ዕቅድ ልኮልኛል፤ ስሙንና ቦታውን ቀይሬ ባስገባው ምን ችግር አለው? ለአሥራ ሁለት የቀን ሠራተኞች ቱታ፣ ጓንትና ማስክ ገዝቼ ጨርሻለሁ። ሥራውን በሰኔ ለመጀመር አስበናል። — በ.አ.፣ አዘዞ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የተላከልዎትን ዕቅድ ስሙን ቀይረው አያስገቡት። የጤናና ደኅንነት ዕቅድ ማለት በአንድ የተወሰነ ቦታ ምን እንዳለ፣ በእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ሰውን ሊጎዳ የሚችለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ያን ጉዳት ለመከላከል ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ችግር ሲፈጠርም ሥራውን የማስቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ የሚናገር ሰነድ ነው። የወዳጅዎ ዕቅድ የእርስዎ መጋዘን ጣሪያ ያፈስስ እንደሆነ አያውቅም። ከበሩ ጀርባ የተደረደረው ከረጢት ዲዲቲ ይሁን ሌላ ነገር ሊነግርዎትም አይችልም። መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተም ቢያደርግበት እንኳ ወደ ውስጥ የሚገባውን ሰው የሚጠብቀው ማኅተሙ አይደለም።

በአካባቢያችን እንዲህ ያሉ ክምችቶች የተፈጠሩት በክፋት አልነበረም። በ1940ዎቹ ደምቢያ ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ፣ ለዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. እንዲከፈት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወባን ለመከላከል ለብዙ ዓመታት ቤት ለቤት ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ ነበር። በመተማና በሁመራ ለጥጥና ለሰሊጥ እርሻ፣ በየወረዳውም ለአንበጣና ለተምች ተብሎ የመጣው መድኃኒት ሁሉ ተረጭቶ አላለቀም። የተረፈው በየመጋዘኑ ተቀምጦ ጊዜው አለፈበት፣ በርሜሉ ዛገ፣ ከረጢቱ ተቀደደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት በተካሄደው ሥራ ብቻ ከ1,500 ቶን በላይ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ ከአገራችን ተሰብስቦ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። ያ ሥራ የተሳካው ሠራተኞች ከመግባታቸው በፊት በየመጋዘኑ ያለው ነገር ስለተቆጠረና ስለተመዘገበ ነው፤ እርስዎም መጀመር ያለብዎት ከዚያው ነው።

ቆጠራው ራሱ አደጋ ስላለው ገና በር ሳይከፈት ከወረቀት ይጀምሩ። የመሥሪያ ቤቱን የንብረት ክፍል ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 አስፈልገው ምን ገብቶ ምን እንደወጣ ይመልከቱ፤ በጡረታ የተሰናበተው የመጋዘን ኃላፊ በሕይወት ካለም ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁት፣ ከወረቀቱ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በቂ መከላከያ የለበሱ፣ ኬሚካል የሚያውቁ ሁለት ባለሙያዎች ምንም ሳይነኩ ገብተው የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ መጠንና ሁኔታ ይመዝግቡ። በፀረ-ተባይ ዕቃ ላይ ያለው የቀለም መስመር መርዛማነቱን ይናገራል፤ ቀይ እጅግ አደገኛው ሲሆን ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በቅደም ተከተል ይከተሉታል። ጽሑፉ የጠፋበት ዕቃ ግን ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ እንደ ቀይ ይቆጠራል። ክዳኑና ሆዱ ያበጠ በርሜል በውስጡ ጋዝ አምቆ ሊሆን ስለሚችል አይነካም፣ አይንከባለልም፣ በመዶሻ አይከፈትም። ታቹ በዝገት የተበላ በርሜልም ከተቀመጠበት ብድግ ሲያደርጉት መቀመጫው መሬት ላይ ይቀርና ፈሳሹ በሠራተኛው እግር ላይ ይዘረገፋል፤ ስለዚህ ከማንሳት በፊት ይዘቱን በእጅ ፓምፕ ወደ ደኅና በርሜል ማዛወር፣ ወይም በርሜሉን እንዳለ በሚበልጠው በርሜል ውስጥ ማስገባት የሚቻልበት መንገድ በዕቅዱ መጻፍ አለበት።

በተለይ የምንለምንዎት ፎስቶክሲን እየተባለ ስለሚጠራው የእህል ነቀዝ መድኃኒት ነው። ይህ አልሙኒየም ፎስፋይድ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቅቃል፤ ጋዙ በብዛት ሲጠራቀም በራሱ ሊቀጣጠልም ይችላል። ማርከሻ የለውም። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የመሰለ ሽታ እንዳለው ቢነገርም ሽታው ሳይሰማ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ አፍንጫን ማመን አይገባም። እርጥበት በገባበት መጋዘን ውስጥ የዚህ መድኃኒት ቆርቆሮ ከተገኘ ጋዙ በመሣሪያ ሳይለካ ማንም መግባት የለበትም፤ የፈሰሰውን በውኃ ማጠብም አደጋውን ያባብሰዋል። «የፈሰሰ ነገር ሁሉ በውኃ ይታጠብ» የሚል ከሌላ ቦታ የተቀዳ ዕቅድ እዚህ ላይ ሰው ይገድላል።

በሰኔ መጀመራችሁን የምንቃወመውም ለዚሁ ነው። የጎንደር ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። በዝናብ ውስጥ የተከፈተ መጋዘን እርጥበት ያስገባል፣ ከግቢው የሚወርደው ጎርፍም ዱቄቱን ይዞ ወደ ወንዝ ይሄዳል፤ ወንዙ ደግሞ ከታች ሰውና ከብት ይጠጣበታል። ሥራውን ወደ ጥቅምት ማዛወር የውል ማሻሻያና ክርክር ሊጠይቅዎት ይችላል፤ እንደ እኛ እምነት ግን ክርክሩ የሚገባው ነው። እስከዚያ ጣሪያውን ከውጭ በኩል በሸራ መሸፈን፣ ግቢውን ማጠርና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር ይቻላል።

ወደ ገዙት ልብስ እንመለስ። ማስኩ አፍንጫና አፍ የሚሸፍነው የጨርቅ ወይም የወረቀት ዓይነት ከሆነ አቧራን በመጠኑ ቢከላከልም ትነትን ፈጽሞ አያግድም። ለአብዛኛው ፈሳሽ ፀረ-ተባይ የሚያስፈልገው ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም፣ ቡናማ መስመር ያለው የትነት ማጣሪያና ነጭ መስመር ያለው የብናኝ ማጣሪያ አብረው የተገጠሙበት የጎማ ማስክ ነው፤ ማጣሪያው በየጊዜው ይቀየራል፣ የሚቀየርበት ሰዓትም በዕቅዱ ይጻፋል። ጺም ያለው ሰው ይህን ማስክ ቢያደርግ አየሩ በጺሙ መካከል ያልፋል፤ ስለዚህ መላጨት የማይፈልግ ወይም የማይችል ሠራተኛ ካለ በክብር ሌላ ሥራ ይሰጠው። ማጣሪያ አየርን ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይፈጥርም፤ በተዘጋ ክፍል ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከወረደ በማጣሪያ ማስክ መግባት ክልክል ነው። የመለኪያ መሣሪያውም ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች በዚሁ ከፍታ ላይ በንጹህ አየር መስተካከል አለበት። ጓንቱ የቆዳ ወይም የጨርቅ ከሆነ ኬሚካሉን መጥጦ ቀኑን ሙሉ ከእጅ ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው ባዶ እጅ ከመሥራት ላይሻል ይችላል፤ ክንድ የሚሸፍን የናይትራይል (ኬሚካል የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት፣ ከሥሩም ሌላ ስስ ጓንት ያስፈልጋል። የገዙትን ቱታ ለመጣል አይቸኩሉ፤ ከቆጠራው በኋላ የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ይለያል። ደረቅ ከረጢት የሚያሽገው ሰውና የሚያንጠባጥብ በርሜል የሚያዛውረው ሰው አንድ ዓይነት ልብስ አይለብሱም።

ግቢው በሦስት ቀጣና ይከፈል። መጋዘኑና ዙሪያው አደገኛ ቀጣና ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሠራተኛው የሚጸዳበት መሸጋገሪያ ይመጣል፤ ሦስተኛው ውኃ የሚጠጣበት፣ ምሳ የሚበላበት፣ መኪናና የመጀመሪያ እርዳታ የሚቆሙበት ንጹህ ቀጣና ነው። ንጹሁ ቀጣና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይሁን፤ ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ የፌስታል ቁራጭ የነፋሱን አቅጣጫ ቀኑን ሙሉ ያሳያል። ከአደገኛው ቀጣና የሚወጣ ሰው በመሸጋገሪያው ሳያልፍ ለውኃም ሆነ ለሽንት አይወጣም። አወላለቁም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ቦቲውና የላይኛው ጓንት እንዳሉ በሳሙና ይታጠባሉ፣ ቀጥሎ ይወልቃሉ፤ ቱታው ከአንገት ጀምሮ ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይጠቀለላል፤ ማስኩ የሚወልቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሱ ጓንት መጨረሻ ይወልቅና እጅና ፊት ይታጠባሉ። ማስኩን አስቀድሞ የሚያወልቅ ሰው ከገዛ ቱታው የሚነሳውን ብናኝ ይተነፍሳል። የታጠበበት ውኃ በርሜል ውስጥ ይጠራቀምና ከቆሻሻው ጋር ይወገዳል እንጂ መሬት ላይ አይደፋም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሙቀት ነው። አየር በማያሳልፍ ቱታ ውስጥ ያለ ሰው ላቡ አይደርቅለትም፤ የውጭው ሙቀት ከ21 ዲግሪ ሲያልፍ ክትትል ያስፈልገዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ጎንደር ላይ ይህ በጠዋቱ ይታለፋል፤ በጥቅምትም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ይደረስበታል። ክትትሉ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ሠራተኛው ለእረፍት እንደወጣ ወዲያው የልብ ምቱ ለግማሽ ደቂቃ ይቆጠራል፤ በደቂቃ ሲሰላ ከ110 ካለፈ የእረፍቱ ጊዜ እንዳለ ሆኖ ቀጣዩ የሥራ ጊዜ በአንድ ሦስተኛ ያጥራል። ከሁለተኛው ዙር በኋላም እንዲሁ ካለፈ እንደገና ይቀንሳል። ይህን የሚቆጥርና የሚመዘግብ ሰው በስም ይሰየም። በቀን ምን ያህል በርሜል ይወጣል የሚለውን ስሌትዎን ከዚህ በኋላ እንጂ ከዚህ በፊት አይሥሩት።

ሕክምናውም ከሥራው ይቀድማል። በመጋዘኑ ውስጥ እንደ ማላታይን ያሉ ኦርጋኖፎስፌቶች፣ ማለትም ነርቭን የሚያውኩ ፀረ-ተባዮች፣ ካሉ ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት የኮሊንኤስትሬዝ የደም ምርመራ ሊደረግላቸው ይገባል። ይህ ኢንዛይም በመርዙ ምክንያት የሚወርድ ሲሆን መጠኑ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ የቀድሞው ልክ ካልታወቀ በኋላ የሚገኘው ቁጥር ብዙ አይናገርም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣትና ነፍሰ ጡር ሴት ለዚህ ሥራ አይቀጠሩም። ሆስፒታሉም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይነገረው፤ የኬሚካሎቹ ዝርዝር በድንገተኛ ክፍል ይቀመጥ፣ የእነዚህ መርዞች ማርከሻ የሆነው አትሮፒን በበቂ መጠን መኖሩም ይጠየቅ። የዓይን ብሌን ሲጠብብ፣ ምራቅና ላብ ሲበዛ፣ ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ ቆሞ ማሰብ የለም፤ ሰውየው ከቦታው ይወጣል፣ ልብሱ ይወልቃል፣ ገላው በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፣ የዕቃው ጽሑፍ ወይም ፎቶው አብሮት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። የሚወስደው መኪና ነዳጅ ሞልቶ፣ ሹፌሩም ቁልፉን ይዞ በንጹሁ ቀጣና መቆም አለበት። ይህ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በባዶ በርሜል ይለማመዱት።

ሥልጠናውን በአንድ ጠዋት ንግግር እንዳይጨርሱት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ደንብ እንዲህ ያለ ቦታ በመደበኛነት የሚሠራ ሠራተኛ 40 ሰዓት ሠልጥኖ 3 ቀን በአሠልጣኝ ሥር እንዲሠራ፣ በየዓመቱም 8 ሰዓት እንዲያድስ ትጠይቃለች። ደንቡ የእኛ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን የሥራውን ክብደት ይነግረናል። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ አደጋው የማሳወቅና የማሠልጠን፣ መከላከያ የማቅረብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ለሚሰማራው ሠራተኛም እንዳስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ የማስመርመር ግዴታ ይጥልበታል። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ ካለዎት ዕቅዱ በቃል ይነገረው፣ እሱም በራሱ አፍ መልሶ ይንገርዎት። ከሁሉም በላይ ከአሥራ ሁለቱ ማናቸውም «ይቁም» ሲል ሥራው እንደሚቆም፣ በዚያም ምክንያት ቀን እንደማይቆረጥበት በእርስዎ ፊርማ ይጻፍ። በመጨረሻም አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ስለሚነካችሁ የፈቃዳችሁን ጉዳይ ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ ከኬሚካልና ከአቧራ ጋር ስንውል አለቃችን ማታ ማታ ወተት ይገዛልናል። ወተት መርዙን ያወጣል ይባላል። እውነት ነው? — ሦስት ሠራተኞች፣ ማራኪ

መልስ፦ እውነት አይደለም። አለቃችሁ በደግነት እንዳደረገው እንረዳለን፣ ወተቱም ምግብ ነው፤ በሳንባና በቆዳ የገባን መርዝ ግን አያወጣም። በስብ ውስጥ የሚሟሟ ፀረ-ተባይ ሰው በስህተት ቢውጥ ወተት መጠጣቱ የመርዙን መግባት ሊያፋጥንም ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው «ማታ ወተት አለ» ተብሎ ቀን ላይ ጥንቃቄው ሲላላ ነው። ወጪው በሥራ ቦታ ለሳሙና፣ ለሚፈስ ውኃና ለመታጠቢያ መጋረጃ ቢውል ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ ይህንንም በአክብሮት ንገሩት።

ጥያቄ፦ በአንድ ጤና ተቋም የቆሻሻ ማቃጠያ ላይ እሠራለሁ። አመዱን ስዝቅ መርፌ ጓንቴን በስቶ ወጋኝ። «ተቃጥሏል፣ ምንም አይልህም» አሉኝና ዝም አልኩ። አሁን ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ምን ላድርግ? ለወደፊቱስ? — ከጎንደር

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዛሬውኑ ይታዩ። በሚገባ የተቃጠለ መርፌ ተዋሲያን አይኖሩትም፤ ነገር ግን ብዙ ማቃጠያዎች ሙቀታቸው እኩል ስለማይዳረስ ዳር ላይ የቀረው መርፌ መቃጠል አለመቃጠሉን በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጀመር ስላለበት ያ ጊዜ አልፎብዎታል። ምርመራው ግን አላለፈም፤ የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ አሁን ይደረግልዎት፣ ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜም ይደገም። በኤች አይ ቪ በተበከለ መርፌ የተወጋ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሺህ ሦስት ያህል ነው፤ ይህን የምንነግርዎት እስከ ውጤቱ ድረስ በጭንቀት እንዳይጎዱ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ዕድል ግን ላልተከተበ ሰው ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሆነ፣ ክትባቱን ካልወሰዱ ሦስቱንም ዙር ይውሰዱ። አደጋው በተቋሙ መዝገብ እንዲሰፍር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሥራ ላይ አደጋን መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ለወደፊቱ፣ መርፌ ሲወጋ ሳይጨምቁ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በሰዓቱም ሪፖርት ማድረግ ነው። ተቋሙ ደግሞ የሥራውን መንገድ ይቀይር። ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን) ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ እንጂ እየተጠቀጠቀ አይሞላ። አመድ የሚዘቀው ቀዝቅዞ፣ አቧራው እንዳይነሳ ትንሽ ውኃ ተርከፍክፎበት፣ እጀታው በረዘመ አካፋ ነው፤ በእጅ የሚነካ ነገር መኖር የለበትም። የሐኪም ስስ ጓንት ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ ወፍራም የሥራ ጓንት፣ ቦቲ፣ የጎማ ሽርጥና የፊት መከለያ ይጠይቁ። ግፊት ያለው ቆርቆሮና የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ማቃጠያው ውስጥ እንዳይገቡ ቆሻሻው ከየክፍሉ ሲወጣ መለየት አለበት፤ ይህም የእርስዎ ሳይሆን የነርሶቹና የኃላፊዎቹ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በደምቢያ የወባ መድኃኒት ቤት ለቤት ይረጫል። ልብሱን እኔ በእጄ አጥባለሁ። የዘጠኝ ወር ልጅ አለን። እጄን ያሳክከኛል። ባዶውን ጄሪካን ደግሞ ለውኃ እናድርገው ይለኛል። — እናት፣ ቆላ ድባ

መልስ፦ እኅታችን፣ ጄሪካኑን ለውኃም፣ ለዘይትም፣ ለጠላም አታድርጊው። ኬሚካሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ አሥር ጊዜ ቢታጠብም አይለቅም። ለላከው መሥሪያ ቤት ይመለስ፣ ከዚያ በፊትም ማንም እንዳይወስደው ጎኑ ይቀደድ።

ልብሱ ወደ ቤት መምጣቱ ራሱ ስህተት ነው። በትክክለኛ ዕቅድ የሥራ ልብስ ከሥራ ቦታ አይወጣም፤ ርጭት ከሚያሠራው አካል የማጠቢያ ቦታ፣ ሳሙናና መለወጫ ልብስ ይጠበቃል፣ ባለቤትሽም ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ይህን መጠየቅ ይገባዋል። እስከዚያ ድረስ ልብሱ በር ላይ ይወልቅ፣ እሱም ልጁን ሳያቅፍ ገላውን ይታጠብ። በምታጥቢበት ጊዜ የጎማ ጓንት አድርጊ፤ ልብሱን ለዚሁ ብቻ በተለየ ገንዳ፣ ከሌላ ልብስ ሳትቀላቅዪ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቢው፣ ፀሐይ ላይም ይሰጣ። ያ ገንዳ ሊጥ አይቦካበትም፣ ሕፃን አይታጠብበትም። እጣቢው ከጉድጓድ ውኃ፣ ከወንዝና ከከብት መጠጫ ርቆ ይደፋ። የእጅሽ ማሳከክ ካልቆመ፣ ወይም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት፣ የመድኃኒቱን ስም ከባለቤትሽ ጠይቀሽ ወረቀት ላይ አጽፊና ይዘሽው ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ስሙን ካወቁ ሕክምናው ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ የኬሚካል በርሜል ለማንሳት በቀን ሥራ ስንቀጠር «ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱን ራሴ እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት አስፈረሙን። አንዱ ጓደኛችን ከሁለት ቀን ሥራ በኋላ ታሞ ተኝቷል። ፈርማችኋል እየተባልን ነው። — ከፒያሳ

መልስ፦ የአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሠራተኛው ላይ በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ በሥራ ውልም ሕጉ ከሰጠው ያነሰ መብት መደንገግ እንደማይቻል ይኸው አዋጅ ይናገራል። ስለዚህ ያ ወረቀት ጓደኛችሁን መብቱን አያሳጣውም። አሠሪው ሊከራከር የሚችለው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ጎድቷል በሚል ነው፤ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የጥንቃቄ ትእዛዝ ጥሷል ወይም ሰክሮ ሥራ ገብቷል ሊል ይችላል። እንግዲህ ምን ትእዛዝ ተሰጥቷችሁ ነበር? ምን ልብስ ተሰጣችሁ? ማን አሠለጠናችሁ? መልሱ «ማንም፣ ምንም» ከሆነ ይህንኑ ዛሬ ሳይረሳ ጻፉት።

አስቀድማችሁ ግን ጓደኛችሁን ሐኪም ጋ ውሰዱትና በምን ሥራ ላይ እንደነበረ፣ ምን ዓይነት በርሜል እንደነካ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ የሕክምና ማስረጃው ላይ ይህ ካልሰፈረ ሕመሙን ከሥራው ጋር ማገናኘት ይከብዳል። ከዚያ የሠራችሁባቸውን ቀኖች፣ አብረዋችሁ የነበሩትን ሰዎች ስም፣ የተከፈላችሁን ገንዘብና የበርሜሎቹን ፎቶ ሰብስቡና ለከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች በጽሑፍ አመልክቱ፤ የማመልከቻውን ቅጂ «ገቢ» አስመትታችሁ ያዙ። ሥራው እየቀጠለ ከሆነና በዚያው ሁኔታ ግቡ ከተባላችሁ፣ አደጋው መኖሩን ለአሠሪው በምስክር ፊት አስታውቁ። የአዋጁ አንቀጽ 32 አሠሪው ደኅንነትን ወይም ጤናን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ተቆጣጣሪዎቹ እስኪመጡ ድረስ በርሜሎቹን ማንም እንዳያንቀሳቅሳቸው፣ በተለይም በሌሊት ተጭነው ሌላ ቦታ እንዳይደፉ፣ ለቀበሌውም አሳውቁ።